ሁለተኛው ተመልካች

"አታውርደው፤ ገና አልጨረሰም።"

ባለሙያው መሰላሉ አራተኛ እርከን ላይ ቆሞ፣ ካቻቪቴውን ብሎኑ ላይ እንደሰካ ቀረ። ዘወር ብሎ ወደ ታች አየ። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተውበታል።

"ማነው ያልጨረሰው፣ እማማ?"

"ደንበኛዬ ነዋ። ጋዜጣ እያነበበልኝ ነበር። አንተ መሰላልህን ከበሩ ጋር እያጋጨህ ስትገባ ዝም አለ።"

ባለሙያው ክፍሉን ቃኘው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ አንድ ወንበር፣ መድኃኒት የተደረደረበት ክብ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ የተጫነ ወረቀት አለ። ሌላ ሰው የለም። ሬድዮም ቴሌቪዥንም የለም። ጣሪያው ሥር፣ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ርቃ፣ ከአምስት ወር በፊት ራሱ የሰቀላት ነጭ ካሜራ ብቻ አለች።

"እንግዲያው ደንበኛዎን ይቅርታ ይጠይቁልኝ" አለ እየሳቀ። ሽማግሌና ሕፃን ሲያወሩት መሳቅ ልማዱ ነው፤ ሥራውን ያፋጥንለታል።

አሮጊቷ አልሳቁም።

"ትናንት ደግሞ ያልወደድኩትን ነገር ተናገረ" አሉ። "'ነገ መሰላል የያዘ ሰው ይመጣል፤ በር እንዳይከፍቱለት' አለኝ።"

የባለሙያው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ታዲያ ለምን ከፈቱልኝ?"

"ማን እውነት እንደሚናገር ልይ ብዬ ነዋ። እሱ መሰላል አለ፤ አንተ መሰላል ተሸክመህ መጣህ። ልጄ ደግሞ እናቴ አእምሮዋን ስታለች ትላለች።"

እንዲህ ያለ ነገር እንደሚገጥመው የአሮጊቷ ልጅ አስቀድማ ነግራዋለች። ልጅቷ መሀል ከተማ ፋርማሲ አላት። ትናንት የደወለችለት እዚሁ ክፍል ውስጥ ቆማ፣ እናቷ ሲያንቀላፉ ጠብቃ ነው። እናቷ ሁለት ወር ሙሉ ከአየር ጋር ያወራሉ። በስልኳ ስታያቸው ወደ ጣሪያው አንጋጠው ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሐኪሙ እድሜ ነው፣ ብቻቸውን አይተዉ ብሏል። ከተማው ዳር ባለ የአረጋውያን ማዕከል አልጋ ተገኝቶላቸዋል። ካሜራዋን ከዚህ አውርዶ እዚያ መስቀል የባለሙያው ሥራ ነው። ብርጭቆ የተጫነው ወረቀት የማዕከሉ ቅጽ ነው፤ የሚገባው ሰው በገዛ ፈቃዱ መምጣቱን በእጁ ካልፈረመ አይቀበሉም። ልጅቷ ስድስት ሰዓት ላይ መጥታ ልታስፈርማቸው ነው።

"ከዚህ ቤት ከወጣሁ አልመለስም" አሉ አሮጊቷ፣ ሐሳቡን የሰሙ ይመስል። "የማዕከሉ ሰዎች ክፉ ናቸው አልልም። ግን እብድ ተብዬ ነው የምገባው። እብድ ውሃ ጠማኝ ቢል እንኳ 'እሺ፣ እሺ' ተብሎ ነው የሚታለፈው።"

"ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው፣ እማማ?"

"ከዚያች።" በምርኩዛቸው ወደ ካሜራዋ አመለከቱ። "ከወደቅሁ ከምትጮኸዋ።"

ባለሙያው ፊቱን ወደ ብሎኑ መለሰ። ሊሰቅል የመጣ ቀን ልጅቷ ኮሪደር ላይ ክንዱን ይዛ፣ "ካሜራ ነው ካልካት በጭራሽ አታሰቅለንም። ስትወድቅ የሚጮኽ ነው በላት" ብላው ነበር። እሱም ብሏል። ብዙ ቤት እንዲህ ይላል፤ ለሠራተኛ ሌላ ስም፣ ለአማት ሌላ ስም።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርቻለሁ" ቀጠሉ አሮጊቷ። "ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ። ከራስ ቅል ውስጥ የሚመጣ ድምፅና በመስመር የሚመጣ ድምፅ አይምታታብኝም። የራስህ ድምፅ ወዲያው ይመልስልሃል። የመስመር ድምፅ ግን መንገድ አለበት። ትናገራለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ይመጣል። ይሄ ሰው መንገድ አለበት። ደግሞም ከኋላው ወፍጮ ይሰማል።"

"የምን ወፍጮ?"

"የእህል ወፍጮ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ቀትር ላይ ያርፋል። አሁን እብድ ሰው ወፍጮ ምን ያደርግለታል? ካበዱ አይቀር ዘፈን ይሰሟል እንጂ!"

ባለሙያው ከመሰላሉ ወረደ።

"ስለ ምን ታወራላችሁ?"

"ስለ ሁሉም። እሱ መሬት ቀያሽ ነበር። የለካውን መሬት፣ አሁን የማን ሕንፃ እንደቆመበት አንድ በአንድ ይነግረኛል። እኔ ደግሞ የሰማሁትን ጥሪ እነግረዋለሁ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አዳምጥ ነበር። ኦፕሬተር ሆኖ የማያዳምጥ የለም። ሠላሳ ዓመት የሰው ምስጢር ይዤ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። አሁን ባለቤቶቹ ሞተዋል፤ ምን ቸገረኝ?"

ባለሙያው ስልኩን አወጣ። የሰቀላቸውን ካሜራዎች ሁሉ የሚከፍትበት አፕ አለው። የዚህችን ቁጥር ነካ። ክፍሉ ስክሪኑ ላይ ተከፈተ፤ አልጋው፣ አሮጊቷ፣ ከላይ ሲያዩት መሳሳት የጀመረው የራሱ አናት። ከሥዕሉ ሥር በደቃቅ ጽሑፍ "ተመልካች 2" ይላል።

አንዱ እሱ ነው። ለልጅቷ ደወለ።

"እህቴ፣ አሁን እናትሽን እያየሽ ነው?"

"በምን ጊዜዬ? ሰው እስከ በር ተሰልፎብኛል። ስልኩን ገና አሁን ከመሳቢያ ማውጣቴ ነው። ምነው፣ ወደቀች እንዴ?"

"አልወደቁም። ከአንቺ ሌላ የሚያያቸው ሰው አለ? ወንድም፣ ዘመድ?"

"ማን አለኝና? እኔም ብሆን ድምፁን ዘግቼ ነው የማየው፤ እናቴ ስትለፈልፍ ለገበያተኛ ላሰማ? ኢንጂነር፣ አውርደው በቃ። ስድስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ስክሪኑን አየ። ተመልካች 2።

ቀና ብሎ ካሜራዋን አያት። ጥቁሯ መስታወት አንዲት ሳንቲም ብታክል ነው። ስንት ዓመት ሲሰቅላቸው እንዲህ ትክ ብሎ አይቷቸው አያውቅም። ሳያስበው እጁ ወደ ሸሚዙ ኮሌታ ሄዶ አስተካከለው፣ እንግዳ ሰው ፊት የቀረበ ይመስል።

"ይኸው ዝም ብሎ እየሰማህ ነው" አሉ አሮጊቷ በሹክሹክታ።

"መጣሁ እማማ" ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። በሩን ከውስጥ ዘጋ።

ባለሙያው ሰነፍ ሰው አይደለም። ሽቦው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሰቀለው ነገር ወድቆ አያውቅም። ግን ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን ይረሳሉ። እሁድ እሁድ እየደወሉ ከምሳ ያስነሱት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ዘዴ ዘየደ። ማተሚያ ቤት ሄዶ መቶ ስቲከር አሳተመ፤ ከላይ የሱቁ ስም፣ ከመሀል ስልክ ቁጥሩ፣ ከሥር የካሜራው የይለፍ ቃል፣ የሱቁ ስምና ሦስት አሃዞች። አታሚው መቶ ዓይነት ጽሑፍ አላዘጋጅልህም፣ አንድ ዓይነት ከሆነ እሺ ስላለው ሁሉም አንድ ሆነ። በየቤቱ ራውተሩን ይገለብጥና ሆዱ ላይ አንድ ይለጥፋል። ከዚያ ወዲህ የእሁድ ምሳውን በሰላም ይበላል። "እኔ በሠራሁት ቤት ዝንብ አታልፍም" ይላል ለደንበኞቹ።

ካሜራዎቹን የሚገዛው በካርቶን ነው። ከአንድ ካርቶን የወጡ ካሜራዎች ቁጥራቸው ተከታታይ ነው፤ የሚለዩት በመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ነው። ይህንንም ሁልጊዜ ያውቅ ነበር። ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ ግን አስቦ አያውቅም። አሁን በሰው ወጥ ቤት፣ ማቀዝቀዣው እያጓራ፣ አስቀመጣቸው። የራሱን ቤት ሊያይ የፈለገ ሰው አንዲት አሃዝ ከሳተ የሌላ ሰው ቤት ይከፈትለታል። ቁልፉ ያው ነው። የሰቀለባቸው ደግሞ ስልሳ ሦስት ቤት፣ አንዱ የራሱ።

መጀመሪያ ያደረገው ለሚስቱ መደወል ነው።

"ልጆቹ ክፍል ያለውን ካሜራ ከሶኬቱ ንቀይው።"

"ደግሞ ምን መጣ?"

"ንቀይው አልኩሽ። አሁን።"

"እሺ፣ አትጩህብኝ።" ኮቴዋ ተሰማ፤ በር ተከፈተ። "ይኸው ነቀልኩት። አሁን ምን እንደሆነ ትነግረኛለህ?"

"ስመጣ።"

ስልኩን ዘጋ። ስልሳ ሁለት ቤት ቀረ። ለአንዳቸውም አልደወለም።

ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። የአሮጊቷ ካሜራ ቁጥር በሰባት ያበቃል። በስድስት የሚያበቃው በዚያው ሳምንት የተሰቀለ ነው። አጠገቡ በራሱ እጅ "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ጡረተኛ፣ ሚስት የታመመች" ብሎ ጽፏል። ትዝ አለው። ሽማግሌው ጓሮ ሲኮተኩቱ አልጋ ላይ ያለችውን ሚስታቸውን በስልክ ማየት ፈልገው ነበር። ግድግዳው በወፍጮው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብሎኑን ሁለት ጊዜ አጥብቆታል።

ስድስቷን ነካ።

ሥዕሉ ቀስ እያለ ጠራ። አልጋ። በደንብ የተነጠፈ፣ ልሙጥ፣ ማንም ያልተኛበት። አጠገቡ ወንበር። ወንበሩ ላይ አንድ ሰው ጀርባቸውን ለካሜራው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ጋዜጣ፣ እጃቸው ላይ ስልክ። ባለሙያው ሥዕሉን በሁለት ጣቱ አጎላው። በሽማግሌው ስልክ ላይ ሌላ ክፍል ይታያል፤ ክብ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ የተደገፈ መሰላል፣ አልጋ ላይ የተቀመጡ አሮጊት። አሮጊቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው በቀጥታ ወደ እሱ ያያሉ።

ከአሮጊቷ የሚለየው አንድ በር ነበር። እሱ ግን በከተማው ሌላ ዳር፣ በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ አያቸው።

የመናገሪያውን ምልክት ተጫነ።

"አባባ፣ ይሰማዎታል?"

ሽማግሌው አልደነገጡም። ጋዜጣውን አጥፈው አልጋው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ዞረው ወደ ላይ አዩ። ዓይናቸው ባለሙያውን ከስልኩ ውስጥ ያገኘው መሰለ።

"ባለ መሰላሉ ነህ" አሉ። ከኋላቸው ወፍጮው ያጓራል።

"እኔ ነኝ። ሰው ቤት ውስጥ ምን ያደርጋሉ?"

"አንተስ እኔ ቤት ውስጥ ምን ታደርጋለህ?"

ባለሙያው የወጥ ቤቱ በር መዘጋቱን አየ።

"ስልክ ቀይሬ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ቁጥሩን እንደገና ሳስገባ ጣቴ ሳተ መሰለኝ። ባለቤቴ ከሞተች አሥረኛ ቀኗ ነበር። ከጓሮ ሆኜ፣ ባዶውን አልጋ ልየው ብዬ ከፈትኩት። ስከፍተው አልጋው ላይ ሴት ተኝታለች።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጀርባዋን ሰጥታ። ፀጉሯ ነጭ። ጮህኩ። ሰምታኝ ዞረች። የኔዋ አይደለችም።"

"ያኔ ለምን አልዘጉትም?"

"ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን፣ ያቺ ሴትዮ ምሳዋን በልታ ይሆን አልኩ። በቃ።"

"ሲያዩዋቸው እንደኖሩ እማማ ያውቃሉ?"

"ስልክ ነው ብላ ነው የምታስበው። እኔም አልነገርኳትም። ልብሷን ስትለውጥ ስልኩን ደፍቼ አስቀምጣለሁ።" ስልኩን ጉልበታቸው ላይ ደፉት። "ልትል የምትችለውን አውቃለሁ። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ።"

"አባባ፣ ይሄ ያሳስራል።"

"ያሳስር ይሆናል። ፓስወርዱን የለጠፍከው ግን አንተ ነህ። ከራውተሩ ሥር አለ፤ ላንብብልህ?"

ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

"ልዘጋው ነው" አለ ባለሙያው።

"ዝጋው። ሴትዮዋ ስታስነጥስ 'ይማርሽ' ሳልል መዋል አልቻልኩም፤ ለኔም ደግ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ልጅቷ ዛሬ ልታስፈርማት ነው፤ እብድ ናት ብላ። የምታወራው ከሰው ጋር እንደሆነ የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። እኔን ትዘጋኛለህ። ከዚያ የምትቀረው አንተ ነህ።"

ባለሙያው ድምፁን ዘጋው። ሽማግሌው ድምፅ በሌለበት ሥዕል ውስጥ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ታዩት። ሥዕሉን ዘጋው።

የይለፍ ቃል መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የአሮጊቷን ካሜራ ከፈተ፤ አሮጌውን ቃል አጠፋ፤ ረጅም፣ ራሱም ነገ የማያስታውሰውን ቃል አስገብቶ ወረቀት ላይ ጻፈው። "አስቀምጥ" አለው። ቁጥሩ ተለወጠ። ተመልካች 1።

ነገ ይነሳል፤ በየቤቱ እየዞረ "አፕዴት ላድርግላችሁ" ይላል፤ ስቲከሩን ልጦ፣ ቃሉን ለውጦ፣ ሻይም ተጋብዞ ይወጣል። በአንድ ሳምንት ስልሳ ሦስቱ ያልቃል። ማንም አይሰማም። ከሰሙ ግን አንድ ሳምንትም አይፈጅም፤ ሱቁ ይዘጋል። ሥራው ከቤት ወደ ቤት በወሬ የመጣ ነው፤ በወሬ ይሄዳል። የአሮጊቷ ነገር የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ሐኪም አይቷቸዋል። ማዕከሉ ደግሞ ጥሩ ነው ይባላል።

ይህን ሁሉ እያሰበ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። አሮጊቷ በተቀመጡበት አሉ።

"ሄደ" አሉ።

"ማን?"

"መስመሩ ተቆረጠ። ሰው ያለበት ዝምታና ሰው የሌለበት ዝምታ አንድ አይደለም። የተቆረጠ መስመር ሳያይ የሚያውቅ ጆሮ ነው ያለኝ።" አዩት። "አንተ ነህ የቆረጥከው?"

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ያልተጠላለፈ ሽቦ መፍታት ጀመረ።

ልጅቷ ከስድስት ሰዓት በፊት ደረሰች። ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። የደከማት፣ ፊቷ ላይ እንቅልፍ የሌለባት ሴት ነች። ጎንበስ ብላ እናቷን ሳመች፤ ግንባራቸውን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ትኩሳት እንደምትለካ።

"ቁርስሽን በላሽ?"

"በልቻለሁ። ቁጭ በይ።"

"ጊዜ የለኝም እማዬ። ረዳቴን ፋርማሲው ውስጥ ብቻዋን ትቻት ነው የመጣሁት።" ወደ ባለሙያው ዞረች። "አላወረድከውም እንዴ?"

"ልጨርስ ነው" አለ።

ብርጭቆውን አንስታ ቅጹን ዘረጋችው። ከጋዋኗ ኪስ እስክሪብቶ አወጣች።

"እማዬ፣ ትናንት ተስማምተናል።"

"የተስማማሽው አንቺ ነሽ። እኔ ዝም ነው ያልኩት።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ከጣሪያ ጋር ስታወሪ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶሻል!" ይህን ስትል ባለሙያውን አላየችውም። "ሐሳቤ እዚህ ነው የሚውለው። ትናንት ለአንዱ ሰውዬ የደም ግፊት መድኃኒት በእጥፍ ቆጥሬ ሰጥቼው፣ ከበር ነው ሮጬ የመለስኩት። ሰው ልገድል ነው እኮ!"

"ከጣሪያ ጋር አይደለም። ከሰው ጋር ነው። መቼም መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ።"

"እሺ እማዬ። እሺ።"

አሮጊቷ ወደ ባለሙያው ዘወር አሉ። ትክ ብለው አዩት።

"እሱን እንጠይቀው" አለች ልጅቷ። "ባለሙያው እሱ ነው አይደል? ኢንጂነር፣ ንገራት። ይሄ ነገር ያወራል?"

"ድምፅ ማጉያ አለው" አለ ባለሙያው።

"እሱን አልጠየቅሁህም። በውስጡ ሰው ያወራል ወይ? እኔ አንድም ቀን አውርቼበት አላውቅም።"

"ከባለቤቱ በቀር... ማንም ሊገባበት አይገባም።"

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ" አሉ አሮጊቷ። "ድምፁ ሲቀጥንም ሰማሁ።"

ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ጀርባቸውን አቀኑ። ፊታቸውን ካሜራዋ ወደተሰቀለችበት ጥግ አነሱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ጠራ፣ ወጣት ሆነ፣ ማዞሪያ ቤት ተቀምጦ የሚያገናኝ ሰው ድምፅ።

"ደንበኛዬ፣ ልጄ መጥታለች። አንድ ቃል ይበሏት።"

ከጥጉ ምንም አልመጣም።

"አለሁ ይበሉ ብቻ። ሌላ አያስፈልግም።"

የማቀዝቀዣው ድምፅ ከወጥ ቤት ይሰማል። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችውና እስክሪብቶውን እናቷ ጣቶች መሀል አስገባች፤ በቀስታ፣ ለሕፃን ማንኪያ እንደሚያስይዙት።

"በቃ እማዬ። በቃ።"

አሮጊቷ እስክሪብቶውን አዩት። ከዚያ ጥጉን አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ መጣ። ጥርጣሬው ሲመጣ ባለሙያው አየው። ከአገጫቸው ተነስቶ ወደ ዓይናቸው ወጣ፤ እዚያ ደርሶም አልቆመም።

"እንግዲያው እውነታችሁን ነው" አሉ፤ ለማንም አልነበረም። መነጽራቸውን አጠለቁ። ቅጹ ላይ ጎንበስ ብለው የሚፈርሙበትን መስመር በጣታቸው መፈለግ ጀመሩ።

ባለሙያው ሽቦውን ጣለው።

"አንዴ ይቆዩ፣ እማማ።"

"ምንድን ነው?" አለች ልጅቷ።

"ሰው አለ። እውነታቸውን ነው።"

"ኢንጂነር፣ ለማስደሰት ብለህ ከሆነ አታድክማት። እኔም ሁለት ወር ሞክሬዋለሁ።"

ቢመልስ እንደማታምነው ገባው፤ እናቷን ሁለት ወር ያላመነች ሰው እሱን በአንድ ቃል አታምንም። ስልኩን አወጣ። የካሜራዋን ማስተካከያ ከፈተ። ረጅሙን አዲስ ቃል አጠፋው። በቦታው የሱቁን ስምና ሦስቱን አሃዞች፣ በስልሳ ሦስት ቤት የለጠፈውን፣ ፊደል በፊደል መልሶ ጻፈ። አውራ ጣቱ "አስቀምጥ" የሚለው ላይ ትንሽ ቆየ። ተጫነው።

ተመልካች 1።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ትንሽ ጠብቂ።"

ተመልካች 1። ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሆኗል። ወፍጮው ይህን ጊዜ አርፏል። ሽማግሌው ስልኩን ዘግተው ወደ ጓሮ ወጥተው ይሆናል። ተወቅሶ፣ ዝጋው ብሎ፣ ተዘግቶበት፣ ማን ቁጭ ብሎ ባዶ ስክሪን ያያል? አሮጊቷ የሚፈርሙበትን መስመር አገኙት። እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ።

ተመልካች 2።

"ጠይቂው" አለ ባለሙያው።

"ማንን?"

ከጥጉ ሳል መጣ። የአንድ ሽማግሌ ሰው ደረቅ ሳል። ልጅቷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተጋጨች።

"ኦፕሬተር" አለ ድምፁ። "መስመሩ ተቋርጦብኝ ነበር። አለሁ።"

አሮጊቷ ወደ ጥጉ አላዩም። ያዩት ልጃቸውን ነው። እስክሪብቶውን ክዳኑን ሳይከድኑ ቅጹ ላይ ተዉት። አፋቸው ሊስቅ ተንቀሳቀሰ።

"ልጅዎ ቆማለች" አለ ድምፁ ቀጥሎ፣ እንደ ቤተኛ፣ በሐዘኔታ። "ፊቷ አመድ መስሏል። ያንን ወንበር ያስጠጉላት፤ እንዳትወድቅ።"

ማንም ወደ ወንበሩ አልሄደም።

የአሮጊቷ ሳቅ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ወንበሩን አዩ። የልጃቸውን አመድ የመሰለ ፊት አዩ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ ጥጉ፣ ወደ ጥቁሯ መስታወት አዞሩ። እጃቸው በራሱ ተነስቶ ወደ ቀሚሳቸው አንገት ሄደ፤ ክፍት የነበረችውን የላይኛዋን ቁልፍ ፈልጎ ቆለፋት።

"ያያል እንዴ?" አሉ።

ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ እንደተለጠፈች፣ ለባለሙያው ራሷን ነቀነቀች። አይሆንም። ደጋግማ ነቀነቀች። ለመነችው።

ባለሙያው አያት። ከዚያ ዓይኑን ከእሷ ነቅሎ አልጋው ጫፍ ድረስ ሄደ።

"ያያል፣ እማማ" አለ። "ካሜራ ነው። የሰቀልኩትም፣ ለሰውየው በሩን የከፈትኩለትም እኔ ነኝ።"